ይመርን አየነው ያሉ ምስክሮች

ባለፈው መጋቢት ሐይቅ ከተማ ያለችውን ቢሮዬን ዘግቼ ቁልፏን ለአከራዬ መለስኩ። ቢሮ ማለቴ ለክብሬ ነው እንጂ በዳቦ ቤትና በስልክ ጠጋኝ መሀል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ገብቶ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ክፍል ነበረች። ከበሩ በላይ «የሕግ አማካሪና ጠበቃ» የሚል ሰሌዳ ሰቅዬ ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን ሰሌዳውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ «የጠፉት ጠበቃ» ነበር የሚለኝ። ባለ ባጃጆቹ ሳይቀሩ ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ ሲያገኙ «የጠፉት ጠበቃ ጋ ነው?» ብለው ደጃፌ ላይ ያወርዱልኝ ነበር። መጀመሪያ ቅር ይለኝ ነበር። በኋላ ለመድኩት።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። ከጦርነቱ ወዲህ በዚህ አካባቢ ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ብዙ ነው። ሬሳው አልተገኘ፣ ድምፁ አልተሰማ። ሚስቱ ባለ ባል ትሁን ባሏ የሞተባት አይታወቅ፣ ልጆቹ ወራሽ ይባሉ አይባሉ አይታወቅ። ሕጉ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ያልተሰማን ሰው ፍርድ ቤት «ጠፍቷል» ብሎ እንዲወስንበት ይፈቅዳል። የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመታቴን እንጀራ የበላሁት በዚህች አንቀጽ ነው። ፈልጌ አልገባሁበትም። ያስገባኝም ያሸነፍኩት ሳይሆን የተሸነፍኩበት መዝገብ ነው፤ ዛሬ የምጽፈውም እሱን ነው።

ከዚያ በፊት ዕድሜዬን የጨረስኩት ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ የግል ፋብሪካ ነገረ ፈጅ ሆኜ ነው። ውል አረቅቃለሁ፣ ከባንክ ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ የተባረረ ሠራተኛ ሲከሰን ፍርድ ቤት እቆማለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ መንገሻ ናቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቡኒ ኮት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ምስክር ቢሮ አስጠርተው አያውቁም፤ እቤቱ ይሄዳሉ። ሄደውም ጉዳዩን ቶሎ አያነሱም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ካለውም ስለ በሬው ያወራሉ። እስክርቢቷቸው ከኪሳቸው አይወጣም። ሰውየው መዋሸት ሲጀምር አይቆጡም፣ አያፋጥጡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ያን ሳይ ውሸት መጀመሩን አውቃለሁ።

አንድ ጊዜ የማሽን ሠራተኛ ሥራ ላይ ተኝቶ ተገኘ ተብሎ ተባረረና ከሰሰን። ባልደረቦቹ በሙሉ አንድ ቃል ሆነው «ነቅቶ ነበር» ብለው መሰከሩለት። እኔ እሳት ጎረስኩ። ሁሉንም በሐሰት ምስክርነት እንክሰሳቸው አልኩ። ጋሽ መንገሻ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ዘነቡ፣ ሰው የሚዋሸው ለጥቅሙ ብቻ አይምሰልሽ። መጀመሪያ ለማን ብሎ እንደሚዋሽ እይ፤ ከዚያ በኋላ ትናደጃለሽ» አሉኝ። ሰውየው የታመመች ሚስቱን ሲያስታምም እያደረ ሥራ እንደሚገባ በኋላ ሰማን። ምክሩን ሰማሁት እንጂ አልያዝኩትም ነበር። ጋሽ መንገሻ ጡረታ በወጡ በዓመቱ አረፉ፤ ወንበራቸውም ለእኔ ደረሰ።

ጦርነቱ አለፈና ፋብሪካው ተከፈተ፤ ተከፈተ እንጂ አልተነሳም። ጥሬ ዕቃ ጠፋ፣ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፣ ገዢም ጠፋ። ሠራተኛ መቀነስ ተጀመረና የስንብት ደብዳቤዎቹን የማርቀቁ ሥራ የእኔ ሆነ። አርቅቄ አርቅቄ ሳበቃ ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፍቶ «አንዲት ትቀራለች» አለኝ። ገባኝ። እሷንም አረቀቅኳት። ከሁሉም የተዋጣች እሷ ናት፤ ተከራክሬ የማፈርስበት አንድ ቀዳዳ እንኳን አልተውኩባትም።

ከዚያ በኋላ የነበረውን የሥራ ፍለጋ ዘመን ሳስበው እስከ ዛሬ ይበርደኛል። ደሴ ውስጥ ያላንኳኳሁት መሥሪያ ቤት የለም። ድሮ ለሥራ ልምምድ እኔ ጋ ተመድበው የነበሩ ልጆች ዛሬ ኃላፊ ሆነው «እትዬ፣ ለእርስዎ የሚመጥን ቦታ የለንም» እያሉ እስከ በር ይሸኙኛል። ለሚመጥነኝ ትልቅ ነኝ፣ ለማይመጥነኝም ትልቅ ነኝ። ማመልከቻዬን ተቀብሎ ፊት ለፊቴ መሳቢያ ውስጥ የከተተልኝ ሁሉ ዳግመኛ አልደወለም። ቀስ በቀስ መንገድ ላይ የማውቃቸው ሰዎች እያዩኝ የማያዩኝ ይመስለኝ ጀመር። አንድ ቀን ባንክ ወረፋ ይዤ ቆሜ ሁለት ሰው ተከታትሎ ፊቴ ሲገባ እኔም ዝም አልኩ፤ የለሁም ብዬ አምኜ ነበር መሰለኝ።

ውጫሌ አንድ ድርጅት የሕግ ባለሙያ ይፈልጋል ሲሉኝ ተሳፍሬ ሄድኩ። እውነትም ማስታወቂያው ግድግዳው ላይ አለ። የትምህርት ደረጃው፣ የሥራ ልምዱ፣ ሁሉም እኔን ለክቶ የተሰፋ ነው። በሩን ገፋሁት። ውስጥ ጣራ የለም። ወለሉ ላይ ሣር በቅሏል። የፋይል መደርደሪያው ታችኛው ክፍል ውስጥ አንዲት ዶሮ ታቅፋ ተኝታለች፤ ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ ዓይኗን ጨፈነች። ከኋላዬ የሚያልፉ ሽማግሌ ቆም ብለው፣

«ማንን ፈልገሽ ነው፣ እናቴ?» አሉኝ።

«ሰው እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ አይቼ ነበር።»

«እነሱማ በጦርነቱ እንደወጡ አልተመለሱም። ማስታወቂያው ግድግዳው ጥግ ስለሆነ ነው፤ ዝናብ አይነካውም» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ያን ቀን ከውጫሌ ስመለስ ደሴ ድረስ አልሄድኩም። ሐይቅ ላይ ወረድኩና ታላቅ እህቴ አስካለ ቤት ገባሁ። ሐይቅ የተወለድኩበት ከተማ ነው፤ ግን ልጅ ሆኜ ስለወጣሁ ለሰዉ እንግዳ ነበርኩ። የጥብቅና ፈቃድ እስካወጣ ያለውን ውጣ ውረድ ልዝለለው። ፈቃዱ እጄ ገባ፤ ባለጉዳይ ግን አልመጣም። ቁጭ ብዬ የዳቦ ቤቱን ሰልፍ እቆጥራለሁ።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳዬ ፋጤ ናት። ከሐይቁ ማዶ ካለች መንደር የመጣች፣ ሠላሳን ብዙ ያላለፈች፣ ስትቀመጥ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ቀጥ የምትል ሴት ነበረች። ጉዳይሽ ምንድን ነው ስላት እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ፣ ወይ ባል አለሽ በሉኝ፣ ወይ ባል የለሽም በሉኝ። መሀል ላይ መቆም ሰለቸኝ።»

ባሏ ይመር በጦርነቱ ጊዜ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ከብት ሊያሸሽ ወደ አምባሰል ደጋ ወጥቶ ነበር። ሰዎቹ ተመለሱ፣ ከብቱም ተመለሰ፤ ይመር አልተመለሰም። «መንገድ ላይ ተለያየን» አሏት። ሁለት ዓመት አለፈ። ልጅ የላቸውም። የምትኖረው ከይመር እናት ከእማ ከድጃ ጋር ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ልባቸውም ሕመምተኛ ነው። ባቲ ያለ ወንድሟ ነይ እኔ ጋ ኑሪ ይላታል። ባለ ባል ሆና እንዴት ትሂድ? የሚጠይቃት ሰው ቢመጣስ ምን ብላ ትመልስ? ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ ዋናውን አወጣችው።

«ደግሞ አየነው ይላሉ።»

«ማንን?»

«ይመርን። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ኸሰፈሩ አንዱ ብቅ ይልና ለእማ ከድጃ ያወራል። ኸውጫሌ አየሁት፣ ኸወረባቦ መንገድ አየሁት። በሉ አምጡልኛ ስል ግን ሁሉም ዳር ዳር ነው። ወላሂ እትዬ፣ በሕይወት ካለ ጥሎኛል ማለት ነው። ኸሌለም የለም ይበሉኝ። ፍርድ ቤት አቁሙልኝና ይማሉ። ቁርአን ይዘው አይዋሹም።»

ሐሳቧ ልክ መሰለኝ። ወሬ ሌላ፣ መሐላ ሌላ ነው። በመሐላ ሲጠየቁ «በእርግጥ አላየነውም» ይላሉ፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው ይሆናል፤ ውሳኔውም ይመጣል። መንደሩ ድረስ ሄጄ ሁለት ምስክሮች መረጥኩ። አንደኛው እንድሪስ ነው፤ የይመር ጎረቤት፣ ጢሙ የሸበተ ገበሬ። ሁለተኛው አቶ ካሳ፣ ክርስቲያን ነው፤ ከይመር ጋር በሬ ያቀናጅ የነበረ። ሁለቱንም ያነጋገርኳቸው እፋጤ ደጅ፣ ፋጤ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ እስክርቢቶዬን መዝዤ ነው። እነሱም መሬት መሬት እያዩ «ያየነውን እንናገራለን፣ ኢንሻ አላህ» አሉኝ። ጋሽ መንገሻ ቢያዩኝ ኖሮ መነጽራቸውን ሳይጠርጉ ይዘውኝ ይመለሱ ነበር።

የቀጠሮው ቀን እንድሪስ ቁርአኑ ላይ እጁን ጫነ። ማለ።

«አቶ እንድሪስ፣ ይመርን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?» አልኩ።

«ኸዛሬ ወር ገደማ ይሆነዋል። ኸውጫሌ ገበያ፣ በግ ተራ።»

የጠበቅኩት መልስ አልነበረም። ዳኛዋ ቀና አለች። «በእርግጥ እሱ ነው?»

«እሱ ነው። አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ ነበር።»

«አነጋገሩት?»

«አላነጋገርኩትም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር።»

አቶ ካሳ ተከተለ። መጽሐፍ ቅዱሱን ሳመና ማለ። እሱ ደግሞ ይመርን ያየው በመስከረም፣ ወደ ግሸን የሚወጣው ሕዝበ ክርስቲያን መሀል ነው። የአንዲት አሮጊት ሻንጣ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ አየሁት አለ። ምን ለብሶ ነበር ስለው «አረንጓዴ ሹራብ» አለ። ፊቱንስ? «ኸኋላው ነበርኩ። ስከተለው ስከተለው አልደረስኩበትም።»

አንድ ሰው፣ ሁለት ቦታ፣ በበጋም በክረምትም በአንድ ሹራብ፤ ሁልጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሁልጊዜ ዝም ብሎ። ችሎቱ ውስጥ ብርድ ብርድ አለኝ። የሥራ ልምዴ ግን ብርዱን ወደ ቁጣ ቀየረው። ተመካክረዋል አልኩ፤ ዘመዶቹ የይመርን መሬት ፈልገው አፍ አስገጥመዋቸዋል። የራሴን ምስክሮች አፋጠጥኳቸው። ባፋጠጥኳቸው ቁጥር ዝርዝር ይጨምሩልኛል፤ የሹራቡ ክርን ላይ ጥቁር መጣፊያ አለ፣ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ዳኛዋ አቤቱታውን ዘጋችው። ወሬው የተሰማን ሰው ጠፍቷል ማለት አልችልም አለች። በሕጉ ልክ ናት።

ደረጃው ላይ ስንወርድ ፋጤ ሳቀች። ሳቋ ደስ የሚል አልነበረም። «እንግዲህ አለ ማለት ነዋ» አለች። «ምለው ተናገሩ። አለ። እኔን ብቻ ነው የማያውቀኝ።» ያን ጊዜ እሷን ማየት አልቻልኩም። ስትመጣ ጥርጣሬ ነበራት፤ እኔ ማኅተም አስመትቼ ላክኋት። በሙያዬ የተረታሁባቸው መዝገቦች አሉ፤ እንደዚያ ያሳፈረኝ ግን የለም።

በማግሥቱ ጧት እንቅልፍ እምቢ አለኝና ወደ ሐይቁ ወረድኩ፤ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው የእግር መንገድ። ጉሙ ውኃውን ከመሬቱ አስማምቶት ነበር፤ የትኛው የቱ እንደሆነ አይለይም። ከፊቴ፣ ሸምበቆው ጥግ፣ አንድ ሰው ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቶኛል። አረንጓዴ ለብሷል። ቆምኩ። ዓሣ አጥማጅ ነው አልኩ ለራሴ፣ ጮክ ብዬም አልኩት። ጥቂት ተራመድኩ። እሱም ሳይቸኩል ወደ ሸምበቆው ገባ፤ የገባበት ስደርስ የሸምበቆው ጫፍ እንኳን አይነቃነቅም። ማንም የለም። ቤት ስገባ አስካለ ፊቴን አይታ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምንም አልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አረንጓዴ ሹራብ የሌለበት ቦታ አጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ያልፋል፣ መስጊዱ ጥግ ይታጠፋል፣ የዳቦው ሰልፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። በገበያው ቀን ማሽላ ተራ ስደርስ አሁንም ከፊቴ አየሁት፤ ክርኑ ላይ መጣፊያ ያለ መሰለኝ። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ይመር!» ብዬ ተጣራሁ።

የሚሰፍረው መስፈሩን አቆመ፣ የሚከራከረው መከራከሩን አቆመ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሰውየው ዞረ፤ የማላውቀው ጎረምሳ ነው፣ ግራ ተጋብቶ አየኝና ሄደ። ሰዉ ግን እሱን አላየውም። ሁሉም የሚያየው እኔን ነበር። ከማሽላ ነጋዴዎቹ መሀል እንድሪስ ተነሥቶ ክንዴን ያዘኝና ከግርግሩ አወጣኝ።

«ምነው እትዬ፣» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሞተን ሰው ኸገበያ ይጠሩታል?»

ባሕር ዛፎቹ ሥር ቁጭ ብለን ነገረኝ። አምባሰል ዳገት ላይ ከብቱን እየነዱ ሳለ ከባድ መሣሪያ መሀላቸው ወደቀ። ይመር እዚያው አለፈ። እንድሪስና ካሳ ናቸው የቀበሩት፤ ጊዜ ስላልነበረ ከነሹራቡ። ንጋት ላይ ቀብረው ማታ መንደር ገቡ። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ይሄው እስከ ዛሬ መርዶ አልተነገረም።

«ለምን?» አልኩ።

«እማ ከድጃ ልቧ ነው። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሏል። ለፋጤ ብቻ እንንገር ብንል ቤቱ አንድ ነው፣ ጩኸቱን ማን ይይዘዋል? አንድ ጁምዓ እማ ከድጃ ‹ልጄን ያየው የለም ወይ?› ብትል አንዱ አንጀቱ አልችል ብሎ ‹አየሁት› አለ። ኸዚያ ወዲያ ወደ ኋላ የሚመልስ ጠፋ።»

«እንድሪስ፣ ምለዋል እኮ! ፍርድ ቤት ነው!»

«ፋጤ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ እያየችኝ? መርዶ ኸፍርድ ቤት ይነገራል እንዴ? ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ የሚይዛት ሴት ሳይኖር፣ ዘበኛው ‹ዝም በይ› እያላት? ተይ እንጂ፣ እናቴ።» ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «ለመሐላዬ ሦስት ቀን ጾሜያለሁ። የተቀረውን ኸጌታዬ ጋር እተሳሰበዋለሁ። ካሳም ኸንስሐ አባቱ ስግደት ተቀብሏል።»

«ሹራቡንስ ለምን ጠራችሁት?»

«ሌላ ልብስ ለብሶ አይመጣልኝም፣ እትዬ። ዓይኔን ስጨፍን በዚያው ነው።»

ለማን ብሎ እንደሚዋሽ እይ ያሉኝ ሰውዬ ትዝ አሉኝ። መሬት ፈላጊ ዘመድ ስፈልግ የሰነበትኩት እኔ፣ እዚያው ባሕር ዛፉ ሥር አለቀስኩ። ደግሞም ተናደድኩ፤ ለእናቲቱ ሲባል ሚስቲቱ በቁሟ እየተቀበረች ነው። ሌላ አቤቱታ ማቅረብ እችላለሁ፣ አሁን የጠፋ ሳይሆን የሞተ ሰው ብዬ። እንድሪስና ካሳም እውነቱን ይመሰክራሉ። ግን መርዶው ሳይነገር አንድ ፊደል መጻፍ አይቻልም። የመርዶው በር ደግሞ እማ ከድጃ ናቸው። ልጠይቃቸው ብቻ ልሂድ አልኩት። እንድሪስ ብዙ አመነታና «ሂጂ፤ ስሙን ብቻ አታንሺ» አለኝ።

ስደርስ ረፋድ ነበር። ፋጤ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። እማ ከድጃ ቤት ውስጥ መደቡ ላይ ቁርበት አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ ትንሽ፣ ቀጭን፣ መቁጠሪያቸው ጣታቸው ላይ የማይቆም አሮጊት። የቤቱ ጨለማ ዓይኔን እስኪለቀኝ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ጠበቃዋ ነሽ አይደል?» አሉኝ። «የጫማሽ ኮቴ የከተማ ነው። ግቢ፣ የኔ አበባ።»

በጋሽ መንገሻ መንገድ ሄድኩ። ስለ ዝናቡ ጠየቅኋቸው፣ ስለ ልባቸው፣ ስለ ሐይቁ ዓሣ። እሳቸው ሁሉንም በትዕግሥት መለሱልኝ። ከዚያ መቁጠሪያው ቆመ።

«ኸገበያ ልጄን ተጣራሽ አሉ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«አትደንግጪ። ሁላችሁም እሷ አላወቀች ትላላችሁ» አሉ። «ያን ለት ኸከብቱ ተመለስን ብለው ሲመጡ ኸደጄ ላይ ውኃ ጠየቁ። ዓይኔ ያኔም ደካማ ነው፣ ጆሮዬ ግን ደህና ነበር። ኸመንገድ የገባ ሰው እግሩን ነው የሚታጠብ። እነሱ እጃቸውን ብቻ ታጠቡ፣ አንድ ባንድ፣ ሳይነጋገሩ። እንዲያ የሚታጠብ ኸቀብር የተመለሰ ሰው ነው። ውኃው ኸድንጋዩ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁት። ኸዚያ ገቡና ‹ይመር ይደርሳል› አሉኝ። እሺ አልኳቸው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ዝም አሉ?»

«ባለቅስ ያቆማሉ።» ፊታቸውን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩ። «ጁምዓ ጁምዓ ይዘውልኝ ይመጣሉ እኮ። አንዱ ኸውጫሌ ያመጣዋል፣ አንዱ ኸግሸን መንገድ። ሲሄድ ያዩታል፣ ሲሸከም ያዩታል። እኔ እዚች ተቀምጬ ልጄን አየዋለሁ። ኸተለቀሰ በኋላ ማን ያመጣልኛል? ማንም።»

ብዙ የዳኛ ወንበር ፊት ቆሜ ተከራክሬያለሁ። መርታት የፈራሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ግን የፋጤ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ነበር።

«እማ ከድጃ፣» አልኩ፣ «ፋጤ ይመር ጥሎኝ ሄደ ብላ ነው የምታስበው። በሕይወት እያለ የረሳት ይመስላታል። ለእርስዎ እያመጡልዎት ያለውን ልጅ ከእሷ እየወሰዱባት ነው። አንድ ቀን ትጠላዋለች። ልጅዎ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር?»

ውጭ ዶሮዎቹ ሲጭሩ ይሰማል። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ ምን አደረግኩ ብዬ ፈራሁ፤ እጃቸውን ያዝኩ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

«ኸሐይቁ ዳርም አየሽው አሉ። አስካለ ለሰው ነግራለች።»

ለአስካለ እንዳልነገርኳት እርግጠኛ ነኝ። እስከ ዛሬም ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

«አየሁ» አልኩ።

«ፊቱን አየሽው?» ድምፃቸው ተለወጠ፤ እንደ ልጅ ድምፅ ሆነ። «ሁሉም ጀርባውን ነው የሚነግረኝ። አንድም ሰው ፊቱን ያመጣልኝ የለም። ፊቱን አየሽው?»

ይመርን በሕይወት ዘመኔ አላየሁትም። ፎቶግራፉን እንኳን አላየሁም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አውቄ ሐሰተኛ ምስክር አቁሜ አላውቅም። ያን ረፋድ ራሴ ቆምኩ። ሌላ የማየው ስላልነበረኝ የእሳቸውን ፊት እያየሁ ጀመርኩ።

«ግንባሩ ሰፊ ነው» አልኩ። «ዓይኖቹ ትንሽ ገባ ያሉ ናቸው፤ ግን የሚያዩትን በደንብ ያያሉ። ጉንጩ ላይ ሥጋ የለውም። ከንፈሩ ዳር ቁጡ ይመስላል፤ ሲስቅ ግን ቁጣው የት እንደገባ አይታወቅም።»

«እኔን ይመስላል?»

«ቁርጥ እርስዎን።»

«ደክሞታል?»

«አልደከመውም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። እጃቸውን ከእጄ አወጡና ፊታቸውን ዳበሱት፤ ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ የከንፈራቸውን ዳር፣ እኔ በጠራሁት ቅደም ተከተል። እንባ አልነበራቸውም። ደጁ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ፋጤ ከወፍጮ ቤት ዱቄቷን ተሸክማ፣ ፊቷና ሽፋሽፍቷ ነጭ ሆኖ በሩ ላይ ደረሰች። እኔን ስታይ ቆመች።

«ፋጤ» አሏት እማ ከድጃ። «ዱቄቱን አውርጂው። ነይ ልጄ፣ ኸአጠገቤ ተቀመጪ። ይመርን እናልቅሰው።»